ነጥቧን ዝለላት

የድሬዳዋን መጋላ ሰፈር ጠባብ መንገድ የማያውቅ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በሰፈሩ ያሳብባል። አንድ የመጋላ ልጅ በሲ ቋንቋ የጻፈው ፎልደር ዘርዛሪ ፕሮግራም ገብቶ መውጫ ሲያጣ፣ የከዚራ ሰፈሩ ወዳጁ «የደቻቱን ወንዝ ተሻገርና እኛ ጋ ሞክረው፤ መንገዳችን ቀጥ ያለ ነው» አለው። ሌላው ራም ጨምርበት አለ፤ ሦስተኛው ቫይረስ ጠረጠረ፤ አራተኛው ሙቀቱን። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀት የማይከሰስበት ጥፋት የለም።

ኮዱን ያነበበ ግን አልተገኘም። በሊኑክስ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንዲት ነጥብ አለች፤ የምታመለክተው ያንኑ ፎልደር ነው። ጥንድ ነጥቦችም አሉ፤ እነሱ ወላጅ ፎልደሩን ያመለክታሉ። የፎልደሩን ይዘት የሚያነበው ሪድዲር ሁለቱንም ሳያዳላ ያቀርባል። ፕሮግራሙም ነጥቧን ባየ ቁጥር አዲስ ፎልደር አገኘሁ ብሎ ራሱን ይጠራል፤ የከፈተውን ሳይዘጋ ሌላ ይከፍታል። የተለመደው የ1024 ክፍት ፋይል ገደብ ሲሞላ ፎልደር ከፋቹ ኦፕንዲር ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር ስላልተጻፈ ፕሮግራሙ እዚያው ክልትው ይላል።

መድኃኒቱ ሁለቱን ስሞች በጽሑፍ አወዳዳሪው ስትርኮምፕ ለይቶ መዝለል ነው። ራሙ ግን ከድሬው ታይዋን ገበያ ቀድሞ ተገዝቷል፤ አይመለስም።