ጎተራ ላይ ወራጅ አለ

ይህ ጽሑፍ ስለ ታክሲ ነው። አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ በእኛ አገር ሰው ስለ ጫማው ቢጽፍ እንኳ «ማንን ሊረግጥ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስለዚህ ልድገመው፦ የማወራው ከሜክሲኮ ተነሥቶ በቄራ በኩል ጎተራን አልፎ ሳሪስ ስለሚገባ አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በራሳችን አቆጣጠር ናቸው። የቀረውን ወያላው ይናገራል።

ሜክሲኮ አደባባይ ሰልፉ ተጠማዝዞ መንገድ ዘግቷል። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ከባኮ የመጡ ናቸው፤ ጎተራ ለምትኖር ልጃቸው ግማሽ ኩንታል በቆሎ በማዳበሪያ ጠቅጥቀው ይዘውላታል። በቆሎ ከሜክሲኮ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከሺህ ዓመታት በፊትም የተነሣው ከዚያው ነው። ኋላ ግን፣ ከ1986 ጀምሮ፣ ሜክሲኮ ከሰሜን ጎረቤቶቿ ጋር በገባችው የነጻ ንግድ ውል የአሜሪካ በቆሎ በገፍ ሲገባ፣ በቆሎን ለዓለም ያስለመደው ባላገር በገዛ ፌርማታው ቆሞ ቀረ። የትኛው ሜክሲኮ እንደሆነ አንባቢ ይለየው፤ እኔ የማውቀው አደባባዩን ነው።

መቼም ሰልፍ ለእኛ ብርቅ አይደለም። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ልሁን ብላ ጄኔቭ ላይ የተሰለፈችው በ1995 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ተራ ጠብቃለች። በዚያው በ1995 ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እዚሁ አገር ቤት የእርዳታ እህል ይጠብቅ ነበር። አንዱ ሰልፍ ለመሸጥ፣ አንዱ ለመብላት። ተራ አስከባሪዎቹ ይተዋወቁ እንደሆነ አላጣራሁም።

ታክሲው መጣ።

«ፋዘር፣ ለማዳበሪያው ይከፈላል!» አለ ወያላው።

«ስንት?»

«የአንድ ሰው።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ትርፍ ነዎት።»

በቆሎው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ያመረተው ሰው በሩ ሥር ካለች በርጩማ ላይ። እዚህ ላይ ስለ ወያላ አንድ ነገር ልበል። በወግ ሲጠራ «ረዳት» ነው። ረዳት ተብሎ ሒሳብ የሚሰበስብ ሰው ያለው ታክሲ ውስጥ ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላም ቦታ አለ የሚል ካለ እሱ ይጻፈው።

በሩ ላይ ታሪፍ ተለጥፏል፤ ፀሐይ በልቶት ቁጥሩ አይነበብም። ሽማግሌው አተኩረው ሲያዩት ከኋላቸው የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ወጣት፣ የስብሰባ መታወቂያውን ከአንገቱ ማውለቅ የረሳ፣ ሊያጽናናቸው ፈለገ። «ዋናው ታሪፍ ዝቅ ማለቱ ነው አባባ። ታሪፍ ሲወርድ ሁሉም ይጠቀማል።»

ሄይቲም እንዲህ ተብላ ነበር። በ1987 በሩዝ ላይ የምትጥለውን ታሪፍ ወደ 3 በመቶ አወረደች። ርካሽ የአሜሪካ ሩዝ ገባ፤ የአገሬው ሩዝ አምራች ወረደ። በመጋቢት 2002 ቢል ክሊንተን በአገራቸው ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ነገሩ ለአርካንሶ ገበሬዎቻቸው ጠቅሞ ይሆናል እንጂ ለሄይቲ እንዳልበጀና ስህተት እንደነበረ ተናገሩ። መልሱ የመጣው በ15 ዓመቱ ነው። ወያላ እንኳ መልስ ይህን ያህል አያቆይም።

ጥቂት እንደሄድን «ትርፎች ጎንበስ!» ተባለ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ሽማግሌው እንደ ጀማሪ አልተደናገጡም፤ አንገታቸውን ወደ ጉልበታቸው ከተት አደረጉና እዚያው ታጥፈው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«በ1994 የተማርኩት ነው» አሉ። «ያኔ ትርፍ የተባለው በቆሎዬ ነበር። ቢኤች 660 ዝሩ አሉን፣ ዘራን። ዳፕና ዩሪያ በዱቤ ውሰዱ አሉን፣ ወሰድን። እግዜርም ዝናቡን አልነፈገን። የ1993ቱ መልካም፣ የ1994ቱም መልካም። ጎታው ሞላ፣ ደጁ ሞላ። ከዚያ ዕዳ ሰብሳቢው ከአይጡ ቀድሞ ደረሰ። ሁላችንም በአንድ ሰሞን ልንሸጥ ወጣን፤ ሻጩ ሺህ፣ ገዢው አንድ።»

የዚያን ዓመት የበቆሎ ዋጋ 80 በመቶ ያህል አሽቆለቆለ፤ 300 ሺህ ቶን የሚሆን እህል ማሳ ላይ ቀርቶ በሰበሰ ይባላል። የሚያቆይበት መጋዘን ያለው ገበሬ አልነበረም፤ ገዝቶ የሚያቆይ ገንዘብ ያለው ነጋዴም ጥቂት ነበር። እህል ከተረፈበት ወረዳ እህል ወደጠፋበት ወረዳ ማጓጓዝ ደግሞ ከእህሉ ይበልጥ ያስወጣ ነበር።

«የመሸልቀቂያው ጉልበት ከዋጋው በለጠብኝ፤ ለከብት ተውኩት» አሉ ሽማግሌው። «በሬ ሸጬ የዳፑን ዕዳ ከፈልኩ። በዓመቱ ያለ ማዳበሪያ ዘራሁ።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን በቆሎ መታ መታ አደረጉት። «ማዳበሪያው ሲቀር ማዳበሪያው ባዶ ሆነ።»

«የእሴት ሰንሰለቱ ላይ ክፍተት ስለነበረ ነው» አለ ባለ ከረባቱ።

«ሰንሰለቱንማ አውቀዋለሁ ልጄ። ዕዳ ላልከፈለው ጎረቤቴ አጥልቀውለታል።»

ከጋቢናው ኋላ የተቀመጡ እናት፣ ከእህል በረንዳ የሚመለሱ፣ ይህን ጊዜ ዘወር አሉ። «እንዲያ ሲወርድ ታዲያ ለኔ መቼ ወረደልኝ? ለእናንተ የወረደው እዚህ ሳይደርስ የት ነው የሚወርደው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ከባኮ እስከ በረንዳ ያለው መንገድ ደላላ አለበት፣ ጫኝ አለበት፣ ኬላ አለበት፣ አውራጅ አለበት፤ እያንዳንዱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አንድ ወንበር ይይዛል። ዋጋው ሲወርድ በየመንገዱ ተሳፋሪ ይቀበለዋል፤ ሲወጣ ግን ያለ ፌርማታ በቀጥታ እትዬ ቤት ይገባል።

ደግሞም የ1994 ነገር በዚያ አላበቃም። በሐምሌ ዝናቡ ቀረ፣ ረሃብ ታወጀ። በ1995 ናዝሬት ላይ የአገሬው ነጋዴ ያልተሸጠ እህል በመጋዘኑ ታቅፎ ተቀምጦ ሳለ፣ በደጁ በኩል ከጅቡቲ ወደብ የእርዳታ እህል የጫነ ከባድ መኪና ያልፍ ነበር። መኪናው መንገድ አልሳተም፤ ታሪፉ እንዲያ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1946 በፈረሙት ሕግ ለተራበ የሚላከው የአሜሪካ ገበሬ ያመረተው እህል ነው፤ በ1995 በነበረው ደንብ ደግሞ ሦስት አራተኛው የአሜሪካ ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች መጫን ነበረበት። እነዚያን ስንዴዎች የሚያማ ሰው እኔ አይደለሁም፤ የበላ ሰው ተርፏል፤ ይህንንም ትርፍ በሉት። የታዘብኩት አቀማመጡን ብቻ ነው። የእነሱ ትርፍ ወንበር ላይ ተደላድሎ ይመጣል፤ የእኛ ትርፍ ጎንበስ ይላል።

ቄራ መብራት ያዘን። ቢላዋ ከሚሳልበት ሰፈር ደጃፍ ቀይ ላይ መቆም ደስ አይልም። መብራት ካነሣን አይቀር፣ ጄኔቭ ያሉት ሰዎችም መንግሥታት ለገበሬያቸው የሚሰጡትን ድጎማ በቀለም ለይተው በሳጥን ይከቱታል። አረንጓዴ፣ ሂድ። ቢጫ፣ ቀስ በል። ለእርሻ ግን ቀይ ሳጥን የለም፤ በቀዩ ፋንታ ሰማያዊ አለ። ሰማያዊው ምርቱን ገድቦ ለሚይዝ ገበሬ የሚከፈል ነው፤ በእኛ ቋንቋ፣ ባዶውን ለሚነዳ ታክሲ የሚሰጥ አበል። አረንጓዴው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ለምርምር፣ ለገጠር መንገድ፣ ለተጠባባቂ እህል ገንዘብ ያለው መንግሥት እንደ ልቡ ያወጣል። መብራቱ ለሁሉም እኩል ይበራል፤ ነዳጅ ያለው ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል ዶሃ ላይ ውይይት የተጀመረው በኅዳር 1994 ነው፤ ያው 1994፣ የሽማግሌው በቆሎ ከእርሻው ሳይነሣ። ወጣቶች አያስታውሱትም እንጂ ድሮ «ውይይት» የሚባል ታክሲ ነበረን፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ ይሳፈርበታል። የዶሃውም ውይይት አቀማመጡ እንደዚያው ነው። በታኅሣሥ 2008 ናይሮቢ ላይ የወጪ ንግድ ድጎማን ለማስቀረት ጠጋ ጠጋ ማለታቸውን አልክድም። የእኛው ውይይት ግን፣ ያን ያህል እየተንገጫገጨ፣ ይሄድ ነበር።

እኛም አልተቀመጥንም። የ1994ቱ ጉድ እንዳይደገም ተብሎ፣ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ሥራ ጀመረ፤ ደወል ተደወለ። ለበቆሎ ታስቦ የተገዛው መኪና ብዙም ሳይቆይ ቡናና ሰሊጥ ጫነ። አልፈርድበትም። ሾፌር ሁሉ ረጅም መንገድ የሚሄድ ተሳፋሪ ይወዳል።

መብራቱ ለቀቀን። መንገድ ዳር ሰው እጁን እያወጣ ይለምናል፤ ወያላው በመስኮት «ሙሉ ነው!» ይላል። ባለ ከረባቱ ስልኩን እያየ ፈገግ አለ። «የምሥራቹን ረስተን በድሮው እንቆዝማለን እንጂ ከየካቲት 2015 ወዲህ እኮ ስንዴ ወደ ውጭ የምንልክ አገር ሆነናል» አለ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገውን ሰው እዚሁ አገር ከ20 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። እኔ ግን የማወራው ስለ ታክሲው ነው፤ ታክሲውስ በእርግጥም ሙሉ ነበር። ከኛ ቀድሞ ያለፈው ደግሞ «ኮንትራት» ይዞ ነው፤ ኮንትራት የያዘ ታክሲ ለመንገድ ዳር ሰው አይቆምም።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «በደርግ ጊዜ ታሪፉ አንድ ነበር፤ ኮታ ይባላል። ማሳዬ ጥሩ ያልሰጠኝ ዓመት ከገበያ በውድ ገዝቼ ለመንግሥት በርካሽ አስረክቤያለሁ። እስከ 1982 ድረስ እንዲያ ነበር። ያኔ ግን ሾፌሩ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምረግመው አላጣም። አሁን ማን ነው የሚነዳው?»

«አሁን ገበያ ነው አባባ። ገበያን የሚመራው የማይታይ እጅ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ፊት ተንጠራርተው የሾፌሩን ወንበር አዩ። ሾፌሩ አንድ እጁ ስልክ ይዟል፤ ሌላው ከእሳቸው በኩል አይታይም።

«መሪውን የያዘው እጅ የማይታይ ከሆነማ» አሉ፣ «ወራጅ አለ!»

«የት ነው ፋዘር?»

«ጎተራ።»

«ጎተራ እኮ ደርሰናል።»

በመስኮት ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ። ከላይ መኪና፣ ከታች መኪና። «ጎተራው የታል?»

«ይሄው ነው።»

«ይሄ መንገድ ነው ልጄ።»

«ማሳለጫ ይባላል።»

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው። ዛሬ ጎተራ ሲባል የከተማው ሰው የሚታየው መንገድ በመንገድ ላይ የተደራረበበት ማሳለጫው ነው፤ ስሙ የሚያቆይ፣ ሥራው የሚያሳልፍ። ማሳለጫ ላይ ደግሞ መቆም ክልክል ነው። ሽማግሌው ሁለቴ «ወራጅ አለ» አሉ፤ ሬዲዮው ከፍ ብሎ ስለነበር አልተሰሙም፤ ሦስት ፌርማታ የሚያህል አልፈን ቆምን። ሲወርዱ ለራሳቸው ያሉት ይህን ነበር፦

ጎተራ ስንደርስ ወራጅ አለ ብዬ፣
ሳይሰማኝ ሾፌሩ ወረደ ዋጋዬ።

ሰሙን ልንገራችሁ። ዋጋዬ የሚባል ዘመድ አብሯቸው ተሳፍሮ ኖሮ፣ እሳቸው ከሾፌሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ቀድሟቸው ወረደ። ወርቁን እንደ ታክሲ ሒሳብ እያንዳንዱ ለራሱ ይክፈል።

መቶ ብር ሰጥተው ነበር። «መልሴን» አሉ።

«ዝርዝር የለኝም ፋዘር።»

ወደ ባለ ከረባቱ ዘወር አሉ። እሱም ስልኩን ኪሱ እየከተተ ዝርዝሩ እሱ ጋ እንደሌለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚታይ ነገራቸው። እናትየው ቦርሳቸውን ሲበረብሩ ታክሲው ተነሣ።

በመስተዋቱ አየኋቸው። ማዳበሪያውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው፣ አልፈነው ወደመጣነው ጎተራ በእግራቸው ይመለሳሉ። በማዶው አስፋልት ወደ መጣንበት የሚመለስ ሌላ ሰማያዊ ሚኒባስ ቆሟል፤ ወያላው ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ በሩን በመዳፉ ይደበድባል።

«ሜክሲኮ በቄራ! አንድ ሰው የቀረው! ሜክሲኮ በቄራ!»