ከበረዶው ያልወጣሁበት ምክንያት

ስቲም የሚባለው የጨዋታ መደብር ወሬኛ ነው። የገዛኸውን ብቻ ሳይሆን በገዛኸው ላይ ስንት ሰዓት እንደፈጀህ ቆጥሮ ይይዛል፤ ይዞም ዝም አይልም፣ ለጓደኞችህ ያሳያል። የኔ መዝገብ እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲህ ይል ነበር፦ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2፣ 9 ሰዓት። ስሪዲማርክ፣ 212 ሰዓት። የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ሁለተኛው የኮምፒውተር ጉልበት የሚለካ የፈተና ፕሮግራም ነው፤ አይጫወቱበትም፣ ቁጭ ብለው ያዩታል፣ ሲያልቅ ነጥብ ይሰጣል። ሚዛን ገዝቶ ሥጋ ሳይገዛ የቀረ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ከዘጠኙ ሰዓትም ግማሹን ባልቆጥረው ደግ ነው። ሬድ ዴድ በሆዱ የራሱ መፈተኛ አለው። ፈተናው የጨዋታውን አገር እያዞረ ያሳይና መጨረሻው ላይ ዋናው ሰውዬ ሱቅ ዘርፎ በፈረስ ይሸሻል። ያን ዘረፋ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ጨዋታው ራሱ የሚጀምረው በረዶ በሸፈነው ተራራ ላይ ነው፤ እኔ ከዚያ በረዶ አልወጣሁም። ታችኛውን አገር የማውቀው ቱሪስት ከአውቶቡስ መስኮት እንደሚያየው፣ በፈተናው በኩል ነው።

የኮምፒውተሬን የግራፊክስ ካርድ የላከልኝ ዱባይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጆች ሳለን ሰፈራችን ካለው የፕሌይስቴሽን ቤት ዊኒንግ ኢለቨን የምንጫወተው በሱ ኪስ ነበር፤ ተሸናፊ ይከፍላል እንባባላለን፣ እሱ አሸንፎም ይከፍል ነበር። አርቲኤክስ 3060፣ ባለ 12 ጊጋባይት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ በሰው ሻንጣ ሲመጣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቶሎ ግጠመውና ማታ ማታ አብረን እንጫወታለን።»

«እሺ፣ ትንሽ ላስተካክለውና» አልኩት። ይህን ያልኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

ኮምፒውተሩን ራሴ ገጠምኩ። ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን የሸጠልኝ የመርካቶ ነጋዴ ልጁ በነጻ እንዲገጥምልኝ ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ግን ኩራት አለብኝ። አብርቼው በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። እንቢ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እንዲሠራ እለፋ ነበር፤ ሲሠራ ጊዜ የቀረኝ «እንዲሻለው» መልፋት ሆነ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት ከመጫወት ይልቅ ይቀናኛል። ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 1,777 ሜጋኸርዝ እንዲሮጥ፣ እስከ 170 ዋት እንዲበላ ተወስኖለት ነው። ግን ቺፖች እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ። ፋብሪካው ደካማውም እንዳይወድቅ ብሎ ለሁሉም ትርፍ ቮልቴጅ ይሰጣል። ልብስ ሰፊ ባለቤቱ ቢወፍር ብሎ ስፌቱ ውስጥ አጥፎ እንደሚተወው ጨርቅ መሆኑ ነው። ያን ጨርቅ ፈትቶ የሚጠቀም ሰው ኦቨርክሎክ አደረገ ይባላል። መቀሱም አፍተርበርነር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ አሌክሴይ ኒኮላይቹክ የሚባል ሩሲያዊ ለዓመታት የለፋበት። እኔ ደግሞ መመሪያውን ሳላነብ ዓመት ለፋሁበት።

ሲናርላይን ደብተር ገዛሁ። በግራ የጨመርኩትን፣ በቀኝ የወጣውን ነጥብ እጽፋለሁ። በ15 ሜጋኸርዝ፣ በ15 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ስሪዲማርክ ውስጥ ያለውን ታይም ስፓይ የሚባለውን ፈተና አስነሳለሁ፤ በዘመን የሚመላለስ አሳሽ ሙዚየም ውስጥ ሲዞር ያሳያል። አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም በትምህርት ቤት ጉብኝት አንዴ አይቼዋለሁ፤ ያን የሌለውን ሙዚየም ግን ዓይኔን ጨፍኜ አስጎበኛለሁ። 135 ስጨምር አለፈ። 150 ላይ አሳሹ መሐል አዳራሽ ደርሶ ስክሪኑ ድርግም አለ፣ ፋኑ ትንፋሹን ዋጠ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ አምሽቶ እንደሚገባ ባል ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ።

ከዚያ ሜሞሪው። 800 ጨመርኩ፣ ነጥቡ ወጣ። 1,200 ጨመርኩ፤ አልጠፋም፣ አልተንተባተበም፣ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ነጥቡ በፊት ከነበረውም በታች መውረዱን ያየሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ራሴ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፣ በራሴ እጅ። ግን ያስደሰተኝ የሰጠሁት ቁጥር እንጂ የተሰጠኝ ቁጥር ስላልነበረ በስተቀኝ ያለውን አላነበብኩትም።

የሁሉም ድምር ይኸውና፦ ታይም ስፓይ ከ8,712 ወደ 9,204። ሬድ ዴድ በሰከንድ ከ74 ሥዕል ወደ 78። አራት ሥዕል። ለአራት ሥዕል አራት ወር። ሌሊቱን ወንድሜ ጋ ደወልኩና አበሰርኩት።

«ጎበዝ! ስለዚህ እንጫወት?»

«ሙቀቱ ትንሽ አላማረኝም» አልኩት።

አላማረኝም ነበር። የሱም ካርድ ያው ነው፣ 66 ዲግሪ ላይ ይሠራል። የኔ 79። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እስካሁን የምኮራበትም የማፍርበትም ሐሳብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ዱባይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ የሳሳ አየር በአንድ ዙር ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ይህን ለወንድሜ ዘጠኝ ደቂቃ በፈጀ የድምፅ መልእክት አብራራሁለት። እንጦጦ ብንወጣ ምን እንደሚከተልም ጨምሬ። ሐሳቡ እውነት መሆኑ ነው የጎዳኝ፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር።

በተራራ ላይ መኖሬን ስላመንኩ ቮልቴጁን ወደ መቀነስ ዞርኩ። አፍተርበርነር ውስጥ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር አለ፣ ነጠብጣቦቹን በማውስ ይዞ መጎተት ይቻላል። 875 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ወደ ላይ ጎትቼ ከሷ በስተቀኝ ያሉትን ጠፍጣፋ አደረግኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ይህ ከሠራሁት ሁሉ ብቸኛው ብልህ ነገር ነው፤ ፍጥነቱ ብዙም ሳይነካ ከ170 ዋት ወደ 130 ወረደ። ሙቀቱ ግን 76። ለእናቴ 40 ዋት እንዳተረፍኩላት ነገርኳት።

«ብዙ ነው?» አለችኝ ከምጣዷ ቀና ብላ።

ማስላት ስለምወድ አሰላሁላት። የኤሌክትሪክ ምጣዷ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ሁለት ሰዓት ስትጋግር የሚሄደውን ለማካካስ እኔ በዚያ ማስተካከያ 175 ሰዓት መጫወት አለብኝ። እስከዚያ ቀን የተጫወትኩት፣ ዘረፋውን ጨምሮ፣ ዘጠኝ ነው። ድምሩን አልነገርኳትም።

የሙቀቱ ነገር የተፈታው በቅዳሜ ጽዳት ነው። መጥረጊያ ይዤ ወደ ጠረጴዛው ጎን ስዞር ከኬዙ ላይ ዳንቴል አየሁ። ነጭ፣ እናቴ በእጇ የሠራችው፣ መሐሉ ላይ ሁለት ጣዎስ ያለበት፤ ጠርዙ በአራቱም በኩል እኩል ተንጠልጥሏል። የኬዙ የሙቅ አየር መውጫ ከላይ ነው፣ ሙሉውን ሸፍኖታል። እጄን በጣዎሶቹ ላይ ሳደርግ ትኩስ ዳቦ ይመስላል። ማታ ማታ ግማሽ ሜትር ርቄ ተቀምጫለሁ፤ ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው ቁጥር ላይ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«የመጣ ዕለት ነዋ። ያን ያህል ብር የወጣበት ዕቃ ራቁቱን ይቀመጥ?»

አነሳሁት፤ 68 ሆነ። ለወንድሜ ስለ ዳንቴሉ ትንፍሽ አላልኩም። በቮልቴጅ አሸነፍኩት አልኩ፤ እሱም ስለ ከፍታው የነገርኩትን ለሥራ ባልደረቦቹ እንዳስረዳቸው ነገረኝ።

የመጨረሻውን ውርደት ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት እስኪመጣ እኛ ጋ ከረመ። ሞኒተሬ በሰከንድ 144 ሥዕል ማሳየት የሚችል፣ ለዚያም ተጨማሪ ብር የከፈልኩበት ነው። ልጁ ማውሱን አንዴ ዙሪያውን አዙሮ ፊቱን አኮሳተረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር 60 ላይ ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«ስክሪኑ። ዊንዶውስ ላይ አልቀየርከውም እንዴ?»

አልቀየርኩትም። ዊንዶውስ ገና ሲጫን በሰከንድ 60 ላይ አስቀምጦታል፣ እኔም እንዳስቀመጠው ትቼዋለሁ። ካርዱ 74 ይሥራ 78፣ ሞኒተሩ ሲያሳየኝ የኖረው 60 ነው። አራት ወር የለፋሁባቸው አራት ሥዕሎች ዓይኔ ዘንድ አልደረሱም፤ ተሠርተው፣ ተቆጥረው፣ ደብተር ላይ ሰፍረው መንገድ ላይ ቀርተዋል። ልጁ ሴቲንግ ከፍቶ አራት ቦታ ነካና 144 አደረገው። ጠቋሚዋ ቀስት በዘይት የተቀባች ያህል ተንሸራተተች። «እያወቅሁ ነው የተውኩት፣ ለካርዱ እንዲቀለው» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ የሚጫወተው እሱ ነው፣ በኔ ስም። በሁለተኛው ቀን ከበረዶው ወጣ። ሳሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ወንዝ መጣ፣ ፀሐይ በዛፎቹ መሐል ትገባለች። እኔ አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ።

«ጋሼ፣ ፈረሱን አየኸው? ላቡ ሳይቀር ይታያል!»

«አየሁት» አልኩ፣ በስክሪኑ ግራ ማዕዘን ካለው የሥዕል ቁጥር ዓይኔን ሳልነቅል። «81።»

ትናንት ከወንድሜ የድምፅ መልእክት መጣ። ስቲም እንደ ልማዱ አሳብቆለታል፦ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2፣ 31 ሰዓት። ሲስቅ ይሰማል። «አንተ ልጅ፣ በመጨረሻ ጀመርክ አይደል! ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቅህ። ዓርብ ማታ ሥራ የለኝም፣ እንደ ድሮው እንገናኝ?»

ልጁ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ እየሰማኝ፣ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ዓርብ ጥሩ ነው» አልኩት። «ብቻ አዲስ ድራይቨር ወጥቷል፣ እሱን ልጫንና…»