በአደባባይ ጠጥቶ በድብቅ መተው

የእኛ ሰው ሲጠጣ ምስክር አያጣም። ማታ እያንጎራጎረ ሲገባ ሰፈሩ ዜማውን ለምዶታል፤ ውሻው እንኳ መጮህ ትቷል። የጎረቤት አጥር በመኪና ሲገጭ፣ በሰው ልደት ላይ ካልተናገርኩ ብሎ ሲታገል፣ ሁሉም በይፋ ነው። የሚደበቀው መጠጥ ለመተው የተነሣ ዕለት ነው። ያን ቀን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወርዳል፤ ሚስቱ «ወዴት ነው?» ስትለው «ሰው ላገኝ» ብሎ ይወጣል። መጠጥ ቤት ሲሄድ እንኳ እንዲህ ዋሽቶ አያውቅም።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖረው ሀበሻ የሚደበቅበት ስብሰባ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ይባላል፤ በአጭሩ ኤኤ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። መጠጥ ከተወ ገና ወራት ብቻ ሆኖታል፤ ካረፈበት ሆቴል ባር የሚመጣውን ሁካታ ሲሰማ ልቡ ሸፈተ። ወደ ባሩ በመግባት ፈንታ ስልክ አንሥቶ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን እየደወለ፣ እንደ እሱ መጠጥ ያሸነፈው ሰው እንዲያገናኙት ለመነ። በመጨረሻ ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ተገኘለት። ሐኪሙ ከ15 ደቂቃ በላይ አልሰጠውም ብሎ መጥቶ፣ ለሰዓታት ሲያወሩ አመሹ። የኤኤ ምስጢር ይኸው ነው፤ ሰካራምን ከሰካራም በላይ የሚረዳው የለም።

ክፍያ የለም፣ መዋጮውም በፈቃድ ነው። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ ዳኛ የላከው ሰው ካርዱን በሰብሳቢው ያስፈርማል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ካርድ አይቶ ይቀናል። «ፈልጌ መጣሁ» ከማለት «ዳኛ አስገድዶኝ ነው» ማለት ክብር ይመስለዋል።

ሌላው ሰው ስብሰባ ሲመርጥ ለቤቱ የሚቀርበውን ያያል፤ የእኛ ሰው ሀበሻ የማይደርስበትን። ሲልቨር ስፕሪንግ አይሆንም፣ እድርተኛው ሁሉ እዚያ ነው። አሌክሳንድሪያ የአክስቱ ልጅ አለች። ስለዚህ አንዱ ባልቲሞርን አልፎ ነዳ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ገብቶ ቡና ሊቀዳ ሲጠጋ፣ በወረቀት ኩባያ ቡናቸውን ይዘው የቆሙት የእድሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ! እርስዎም?»

«እኔ እንኳ ሰው ልሸኝ ነው። አንተስ፣ ልጄ?»

«እኔም... መኪና ማቆሚያ አጥቼ ነው።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። በኤኤ ሰው የሚናገረው የራሱን ስም ብቻ ነው፣ የቤተሰብ ስም አይነሣም። አሜሪካዊው «ጆን እባላለሁ» ብሎ ስንት ሺህ ጆን ውስጥ ይሰወራል። እኛ ዘንድ ግን የራስ ስም ከተነገረ ምን ቀረ? የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራና ማንን እንደፈታ ለማወቅ አንድ ማኪያቶ ይበቃል። ስለዚህ ወጣቱ «ማይክ» ነኝ አለ፤ ሽማግሌው ደግሞ «ሳም»።

እዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፤ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጋሼ ሳም ግን ዕድሜያቸውን ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዲት ሴት ባሏ ጥሏት እንደሄደ ስትናገር ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ሰብሳቢው «አመሰግናለሁ» ብሎ ሲያልፋት አላስቻላቸውም፤ «ሳይታረቁ?» አሉ፣ በአማርኛ።

ይህን በምን ዐወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱም ለየብቻቸው፣ ስለ ሌላኛው አጫወቱኝ። አደራ ለሰው እንዳትናገርም ተብያለሁ።

ሌላው ለእኛ የሚከብደን ነገር፣ እዚያ «ዕድሜ ልኬን አልጠጣም» የሚል መሐላ አለመኖሩ ነው። የሚባለው ለዛሬ፣ ለ24 ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የሚቀናን የዘለዓለሙ ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት በታቦት ተገዝተን ሰኞ ማታ ድራፍት ፊት እንገኛለን። የሁዳዴን 55 ቀን አፉን ሳያረጥብ ከርሞ፣ በፋሲካ ውዝፉን በአንድ ሌሊት የሚያወራርድም ሞልቷል።

እንደ ምንም ብሎ ቢተው ደግሞ እኛ ወዳጆቹ አለንለት። ሲጠጣ «ምናለ ይሄ ልጅ ቢተው» እያልን ከንፈር የመጠጥን ሁሉ፣ ሲተው ጊዜ «ምነው፣ አመመህ? መድኃኒት ጀመርክ እንዴ? ወይስ ጴንጤ ሆንክ?» እንላለን። ሰርግ ላይ አምቦ ውኃውን ይዞ ጥግ ከተቀመጠ ማን ያስቀምጠዋል! አስተናጋጅ ተጠርቶ ይቀዳለታል። «በልጄ ሰርግ? በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» በሞቴ ባዮቹ እኛ፣ ሟቹ እሱ።

የጠጪ ቤተሰብም ቢሆን አልተረሳም። የቢል ሚስት ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1951 አል-አኖን የተባለውን የቤተሰብና የወዳጅ ስብስብ ከመሠረቱት አንዷ ናት። ጠጪው ማኅበር አለው፣ ሚስቱም አላት። ያጣነው እኛ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ባዮቹ ነን። ቢቋቋምልንም ግድ የለም፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ሁላችንም ሰው ልንሸኝ መጥተን እንገናኛለን።