ሁለት ድመት በአንድ ቬንቲሌተር፦ ከጅቡቲ የተገኘ የመስክ ጥናት

ጥናቱ የተካሄደው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ዶ ውስጥ፣ በተከራየሁት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ተጠኚዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ አራት ዓመት አብራኝ የኖረችው ውሮ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ በሰኔ መጀመሪያ፣ የመኖች ዓሣ ለሁለት ሰንጥቀው ከሚጠብሱበት ቤት በር ተከትላኝ የመጣች ስም የለሽ ድመት ናት። ይህችን በሙያው ቋንቋ «መጤ» ማለት ይገባ ነበር። ቃሉ አገር ቤት ያለበትን ሸክም የሚያውቅ ሰው ግን ለድመትም ቢሆን አይደፍረውም። ስለዚህ «እንግዳዋ» ትባላለች።

የድመት አዋቂዎች የሚስማሙበት ሥርዓት አለ። እንግዳዋ ለብቻዋ ክፍል ይዘጋባታል። ድመት ወዳጅዋን የምትለየው በአፍንጫዋ ነውና፣ የአንዷ ጉንጭ የታሸበት ጨርቅ ሌላዋ ከምትበላበት አጠገብ ይነጠፋል። ከዚያ በተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ በሩም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይከፈታል። የመጸዳጃ አሸዋውም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ መብለጥ አለበት። የእኔን ሁለት ክፍል የሚለየው ግን መጋረጃ ነው።

ጨርቁን ሞከርኩ። የእንግዳዋን ጉንጭ በአሮጌ ሽርጥ አሸሁና ከውሮ ሳህን አጠገብ አነጠፍኩት። ውሮ አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሸናችበት። ውጤቱ «ግልጽ» ተብሎ ተመዝግቧል።

በመስኩ የቀደሙ ሥራዎችን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የዚህች ከተማ ነባር ፈረንሳይ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ እንኳ ጦሯ አልወጣም። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካ መጣችና የፈረንሳይ ሌዥን ጦር ሰፈር የነበረውን ካምፕ ሌሞኒዬን ያዘች። ይህ በድመት ቋንቋ እንግዳ በነባር ፍራሽ ላይ ተኛ ማለት ነው። ጃፓን በ2011፣ ጣሊያን በ2013 ተከተሉ፤ ቻይና በ2017 ዶራሌ ወደብ አጠገብ ሰፈረች። ጅቡቲ ማንንም ከማንም ላስታርቅ አላለችም። ለሁሉም ለየብቻው ሳህን አቀረበች። ከእኔ የምትለየው የሳህኑን ዋጋ ድመቶቹ ራሳቸው ስለሚከፍሉ ነው፤ አሜሪካ ብቻዋን በ2014ቱ ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ግድም ለመክፈል ተስማማች። (ውሮ እስካሁን ምንም አልከፈለችም።) በ2018 አሜሪካ «ከቻይና ሰፈር በአብራሪዎቻችን ዓይን ላይ ሌዘር በራብን» ብላ ከሰሰች፤ ቻይና አላደረግሁም አለች። አዋቂዎቹ ይህን ማፍጠጥ ይሉታል። ድመት ካፈጠጠች ጠብ ነው፤ ዓይኗን ቀስ ብላ ከጨፈነች ሰላም።

በእኔ ቤት ለ11 ቀን የጨፈነ አልነበረም። የድሬዳዋ ልጅ የሆነች ጎረቤቴ ሳህኖቹን፣ ሽርጡንና ደብተሬን አይታ፣ «አቦ ተዋቸው! ሲሞቃቸው ይታረቃሉ» አለችኝ። ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው አስተያየት በመሆኑ አልመዘገብኩትም።

ሐምሌ ገባ። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ተነሣ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አለፈ። ቤቱ ውስጥ ያለው ቬንቲሌተር አንድ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ውሮ ፊቱ ካለው ሴራሚክ ላይ ተዘረጋች። እንግዳዋ ከአልጋው ሥር ወጥታ በክንድ ርቀት ተኛች። በሦስተኛው ቀን በመካከላቸው አንድ ስንዝር ቀረ። ለካሁት። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያም መብራት ትገዛለች። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ጠፋ፤ በማን በኩል እንደጠፋ ጥናቱን አይመለከተውም። ክንፉ እየዘገመ ቆመ። ሁለቱ ተያዩ። ውሮ ፍሪጅ ላይ ወጣች፣ እንግዳዋ አልጋ ሥር ገባች።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ሁለቱም ተመለሱ። ስንዝሩ ግን እንደገና ክንድ ሆኗል።