እንዳሻችሁ ጻፉት፣ ይገባኛል

ስፕሪንግ ቡት የተባለውን የጃቫ ፍሬምወርክ የሠሩት ሰዎች ሲበዛ ደግ ናቸው። የጃቫ ፕሮግራመር አንድን ስም ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መጻፍ እንደማይሆንለት ማንም ሳይነግራቸው ተረድተውታል። ስለዚህ ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ላይ «ፈርስት ኔም»ን በሰረዝ ብታያይዙት፣ በአንደርስኮር ብትሰፉት፣ ወይም ያለ ምልክት ገጥማችሁ «ኔም»ን በትልቅ ፊደል ብትጀምሩት ቅር አይለውም። ለሁሉም «አቤት ጌታዬ!» ነው።

በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ ስንባባል ለኖርን ለእኛ ይህን መንቀፍ ነውር ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ቢያንስ አራሚ ነበረን።

ደግነቱ የሚደምቀው ቡድን ውስጥ ነው። አንዱ በሰረዝ ጻፈ፣ ሌላዋ በአንደርስኮር፣ ሰርቨሩን የሚጠብቀው ደግሞ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፦ ነጥቡን በአንደርስኮር ተክቶ፣ ሰረዙን አጥፍቶ፣ ሁሉንም በትልቅ ፊደል። (እዚህ ላይ እንኳ ይቅር፤ ሼሉ ነጥብና ሰረዝ አይወድም።) አሁን የዚያ ስም ዋጋ የት እንደተቀየረ ፈልጉ። መፈለጊያው እንደ ስፕሪንግ ቸር አይደለም፤ የጻፋችሁለትን ብቻ ፈልጎ «የለም» ይላል። አለ እንጂ! እናቱ በአንድ ስም፣ አያቱ በሌላ፣ የሰፈር ልጆች በሦስተኛ እንደሚጠሩት ልጅ፣ አለ።

የስፕሪንግ ቡት መመሪያ ራሱ ፋይል ላይ በትንንሽ ፊደልና በሰረዝ መጻፍን ይመክራል። ሌላውን ሁሉ ደርድሮ «እኔን ከጠየቃችሁ ግን ሽሮው ይሻላል» እንደሚል አስተናጋጅ መሆኑ ነው። በሩም ለሁሉም ክፍት አይደለም። «ቫልዩ» በሚባለው አኖቴሽን ገብታችሁ ስሙን ገጥማችሁ «ኔም»ን በትልቅ ፊደል ጀምራችሁ ከጠራችሁት፣ ፋይሉ ላይ በሰረዝ የተጻፈውን አያየውም። እዚያ ቤት በሰረዝ የጠራ ብቻ ነው ዘመድ የሚያገኘው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የስፕሪንግ ትዕግሥት ነው። «ታይምአውት»ን ጣታችሁ ስቶ «ታይሞአውት» ብትሉት አይጮህም፣ አይቆጣም። የማያውቀውን ስም በትሕትና አልፎ፣ ከፋብሪካው ይዞት በመጣው ቁጥር ሥራውን ይጀምራል። የማታውቀው ስም ካለ አትነሣ ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ይህን የመሰለ ጨዋ ማን ደፍሮ ይቆጣዋል? ሰርቨሩ ተነሥቷል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ሎጉ ላይ አንዲት የቅሬታ ቃል የለችም፤ ደንበኛው ብቻ ስልክ እየደወለ ነው።