አምስት ነጥብ አንድ

(የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ። ሳሎኑ ውስጥ ካርቶንና ፌስታል ተበታትኗል። የወይዘሮ አልማዝ ወንድም ከቨርጂኒያ በሰው በሰው የላከው የቤት ሲኒማ ቡፌው ላይ እንደ ሠርግ ፎቶ ተደርድሯል። ትልቁ ሰብዉፈር ብቻ መሬት ተቀምጦ ዳንቴል ለብሷል፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባ። እዚህ አገር ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ገና እንግዳ ነው፤ ቤተኛ አልሆነም። ሚኪ ለወይዘሮ አልማዝና ለባሏ ለአቶ ደምሰው ዕቃውን ሊገጥም መጥቷል።)

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ስፒከር አንድ ቦታ ማን ደረደረው?

አልማዝ፦ እኔ ነኝ። ምነው፣ አያምርም?

ሚኪ፦ ያምራል እትዬ። ግን እነዚህ ሁለቱ ከሶፋው ጀርባ ነው የሚሆኑት። ፊልሙ ላይ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እነሱ ናቸው የሚያወሩት።

አልማዝ፦ ከጀርባችን የሚያወራ አንሶን ነው ከአሜሪካ የተላከልን?

ሚኪ፦ (ዕቃውን እያገላበጠ) ይሄ ደግሞ የአሜሪካ ስለሆነ 110 ቮልት ነው፤ የኛ 220። እንዲሁ ሶኬት ላይ አልሰካችሁትም አይደል?

ደምሰው፦ እኔን እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምታየኝ?

አልማዝ፦ ባለፈው ወንድሜ የላከውን ጁስ መፍጫ ሰክቶ ቤቱን ያጠነው ማን ነበር?

ደምሰው፦ እሱ ልምድ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ትራንስፎርመር ገዛሁ።

ሚኪ፦ ጥሩ። ሪሲቨሩስ?

ደምሰው፦ ያውልህ ቴሌቪዥኑ ሥር፤ ዲሹ የገባበት።

ሚኪ፦ እሱ የዲሽ ነው ጋሼ። ድምፁን ለስድስቱ የሚያከፋፍለውን ነው የምለው። ይሄ ጥቁሩ!

ደምሰው፦ ይሄ ነው እንዴ? እኔ'ኮ ሁለት ቀን ሙሉ ሲዲው የሚገባበትን ስፈልግ ነበር።

ሚኪ፦ ቴሌቪዥኑ የቆየ ስለሆነ በኤችዲኤምአይ ድምፅ መልሶ አይልክም። በዚህ ቀጭን ኦፕቲካል ገመድ እናገናኘዋለን።

ደምሰው፦ እኔም እሱን ሰክቼው ነበር፤ ጭጭ አለ።

ሚኪ፦ (ነቅሎ አይቶ) ከነቆቡ ነዋ በግድ የገፉት! ይቺ ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ መውለቅ አለባት። ድምፁ የሚሄደው በብርሃን ነው፤ ይኸው ቀዩ ይታያል።

አልማዝ፦ በመብራት ነው የሚሄደው? እንግዲያው እዚህ ሰፈር መቼ ሊሰማ ነው?

ሚኪ፦ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ፒሲኤም ላይ ሆኖ ሁለት ቻናል ብቻ ነበር የሚልከው። ቢትስትሪም አደረግኩት። አሁን ፊልሙ ዶልቢ ካለው፣ አምስት ነጥብ አንዱም ይመጣል።

ደምሰው፦ እሱን ልጠይቅህ። የተላከልን ስድስት ስፒከር ነው። ካርቶኑ ላይ ግን አምስት ነጥብ አንድ ይላል። የቀረው መንገድ ላይ ተቆርጦብን ነው?

ሚኪ፦ ኧረ ምንም አልጎደለም! ነጥብ አንዷ ሰብዉፈሩ ነው። ለአምስቱ ከቀጭን እስከ ወፍራም ድምፅ ሁሉ ይላክላቸዋል። የሱ ድርሻ ግን ከ120 ኸርዝ በታች ያለው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ሥራው ትንሽ ስለሆነ ነጥብ አንድ አሉት።

አልማዝ፦ ሳሎኑን የሞላው እሱ፣ ሥራው ነጥብ አንድ። (ባሏን እያየች) እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ።

ሚኪ፦ አንድ ገመድ ይበቃዋል፤ ሪሲቨሩ ላይ ሰብዉፈር ከሚለው ቀዳዳ ወደዚህ ኤልኤፍኢ ወደሚለው። ግን ሜኑው ላይ «ሰብዉፈር የለም» ብሎ የሞላው ማነው?

ደምሰው፦ እኔ ነኝ። «አለ ወይስ የለም» ብሎ ሲጠይቀኝ ለግብር መስሎኝ።

ሚኪ፦ «አለ» ብለነዋል። ትንንሾቹም ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን አይችሉትም፤ ሪሲቨሩ ለሱ ያስተላልፍለታል። አሁን የቀረን ቦታ መፈለግ ነው። የባስ ሞገድ ረጅም ነው፤ የ40 ኸርዙ ብቻ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል።

አልማዝ፦ ሳሎናችን አምስት ሜትር አይሞላ!

ሚኪ፦ ለዚህ ነው ግድግዳ እየመታ ተመልሶ አንዱ ጥግ የሚያብጠው፣ ሌላው ጋ የሚጠፋው። ስለዚህ ሰብዉፈሩን ጋሼ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ እናወጣዋለን። ጋሼ መሬት ለመሬት እየዳሁ ያዳምጣሉ። ጥርት ብሎ የተሰማቸው ቦታ፣ የሱ ቦታ ነው።

(አቶ ደምሰው ሱሪያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። ዳንቴሉ ተነሣ፤ ሰብዉፈሩ ሶፋው ላይ እንደ አባወራ ተቀመጠ።)

አልማዝ፦ የአባቴን ጉልበት ሲስም እንኳን እንዲህ አልዳኸም።

ሚኪ፦ «ጁራሲክ ፓርክ»ን ከፈትኩት። ዲቲኤስ የሚባለው የሲኒማ ድምፅ እንደ ፈረንጆቹ በ1993 መጀመሪያ የወጣው በሱ ነው። ዳይኖሰሩ ሲረግጥ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውኃ የሚንቀጠቀጥበትን ያስታውሱታል?

(ዱም። ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹ ተንጫጩ። ዱም። የፕላስቲክ አበባው ወደቀ። አቶ ደምሰው ጠረጴዛ ሥር ገብተው ጆሯቸውን ያቀናሉ። በሩ ተደበደበ፤ የሦስተኛ ፎቋ እማማ ዘነበች፣ ነጠላቸው መሬት ይጎተታል።)

ዘነበች፦ ኧረ ልጆቼ፣ ተሰማችሁ?

ደምሰው፦ (ከጠረጴዛው ሥር) ተሰማን እማማ! ዛሬ ገና በደንብ ተሰማን!

ዘነበች፦ ስንት ነው አሉ?

ሚኪ፦ አምስት ነጥብ አንድ።

ዘነበች፦ የአምላክ ያለህ!

(በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል እየተነሣ የአዲስ አበባን ፎቅ በሌሊት ያወዛወዘውን የምድር መንቀጥቀጥ ማን ረሳ? የእማማ ጩኸት ከፎቅ ፎቅ ወረደ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ብሎኩ በሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ብርድ ልብስ የደረበ፣ ሕፃን ያቀፈ፣ ቢጎዲን በጭንቅላቷ የወጣች። ሕዝቡ ሲሮጥ ያዩት አቶ ደምሰውም ሪሞታቸውን እንደጨበጡ ወርደዋል። ከላይ፣ ሰው በሌለበት ሳሎን፣ ዳይኖሰሩ መንገዱን ቀጥሏል።)

ዘነበች፦ ስሙት! ይኸው አሁንም አላቆመም!

ደምሰው፦ (እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ኋላ ሄዱ) ሚኪ!

ሚኪ፦ አቤት ጋሼ።

ደምሰው፦ እዚህ ጋ ጥርት ይላል።