ምራቂን ለመገደብ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ፤ ያልሰማህም ቴሌግራምህን ክፈት!

እኛ፣ ሥዩመ ጄኔሬተር፣ ባለ አንድ ላፕቶፕና ባለ ተጠጋኝ ቻርጀር፣ የሐራው ዳታቤዝ ሠሪ፣ ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከደጋው እስከ ቆላው ላላችሁ የቡድን መሪዎች፣ አሠልጣኞች፣ ዳኞችና ገንዘብ ያዦች፣ ይልቁንም «አንድ ትንሽ ነገር ብቻ» ለምትሉን ሁሉ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛስ አልሰነበትንም።

የክረምቱ እግር ኳስ ውድድር ኮሚቴ ሻይ ቤት ጠርቶን ሦስት ነገር ብቻ የሚይዝ የኮምፒውተር መዝገብ እንድንሠራለት ስላዘዘን፤

ሦስቱም የተጫዋች ስም፣ የጨዋታ ውጤትና የደረጃ ሰንጠረዥ ስለነበሩ፣ ዋጋውም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በቃል ስለተቆረጠ፣ እኛም በየዋህነት «ችግር የለም» ስላልን፤

ዛሬ ያው መዝገብ የዳኛ አበል የሚያሰላ፣ ማሊያ የተረከበና ያልመለሰ የሚለይ፣ ለተጫዋች «እንኳን ተወለድክ» የሚል፣ የሰብሳቢውንም ፎቶ በየገጹ አናት ላይ የሚሰቅል ሆኖ ሳለ፣ በእጃችን የገባው የሦስቱ ነገር ዋጋ፣ ያውም ግማሹ ስለሆነ፤

በሐራ ገበያ ማሽላ ሸጦ እፍኝ ምራቂ የማይጨምር ነጋዴ ባይኖርም፣ ምራቂው ከቁናው በልጦ ሁለተኛ አህያ ያስጫነ ገበያተኛ ግን ታይቶ ስለማይታወቅ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ትንሽ ነገር» ማለት ጠያቂው በአንድ ትንፋሽ የሚናገረው፣ ሠሪው በሦስት ሌሊት የማይጨርሰው ሥራ ነው።

«ለአንተ እኮ ቀላል ነው» ማለት ጠያቂው ሥራውን አያውቀውም ማለት ነው።

«ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» ማለት ክፍያ የለም ማለት ነው። (እውነትም ቤተሰብ ከሆነ፣ ክፍያ የለም ብቻ ሳይሆን ምሳም እኛው እንጋብዛለን ማለት ነው።)

አንቀጽ 2። ስለ ክፍያ

ክፍያ እንደ ቡና ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉ ሳይቀዳ ላፕቶፕ አይከፈትም። ቶናው መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮሚቴው ፊት ሲታይ ይቀዳል። በረካው ደግሞ ርክክቡ በተፈረመበት ዕለት ነው። እስከ ዛሬ የነበረው ልማድ፣ ይኸውም አቦሉንና ቶናውን ዘሎ «በረካው ይድረስህ» ብሎ መርቆ መሸኘት፣ በዚህ አዋጅ ተሽሯል። የወሎ ምርቃት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ እናውቃለን፤ እኛም አሜን ማለት አላቆምንም። ነገር ግን ምርቃት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይቆረጥለትም፤ ባለ ሱቁም የሞባይል ካርድ አይሸጥበትም።

ክቡር ገንዘብ ያዡ «ቀሪውን ጳጉሜን 6 መጥተህ ትወስዳለህ» ባሉን ጊዜ አመስግነን ወጥተናል። እቤት ገብተን ካላንደር ስንገልጥ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ሆና አገኘናት። የመጨረሻዋ በ2015 አልፋለች፤ የምትመጣው በ2019 ናት። ክቡርነታቸው ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው የሚል ሰው ካለ፣ ክቡርነታቸውን አያውቃቸውም።

አንቀጽ 3። ስለ ፊደል

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ጸጉራችንን የነጨው ይህ አንቀጽ ነውና።

ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. የእኛን ፊደል ሲቀበል ለእያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ቁጥር ሰጠው። ስለዚህ ለሰው ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሃ ለኮምፒውተር አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሐራ፣ ሀራ እና ሃራ ብለው ሦስት ጸሐፊዎች ሲያስገቡ መዝገባችን ሦስት ከተማ ቆረቆረ። አንዲቱ ወልድያም ከወልዲያ ጋር ድንበር ተካለለች። (በግዕዙ ሐራ ማለት ጭፍራ ነው፤ ጭፍራ ደግሞ ወደ አፋር ሲወረድ ያለች ከተማ ናት። ይህን ለኮሚቴው ብንነግር ሁለቱን ከተሞች አንድ አድርጋችሁ መዝግቡ ይሉናል ብለን ዝም ብለናል።)

የሰው ስም ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። በወሎ አንድ ሜዳ ላይ «መሐመድ!» ብሎ የሚጣራ አሠልጣኝ ስንት ተጫዋች እንደሚዞርለት ለማንም አይነገርም። አንዱ መሐመድ፣ አንዱ መሀመድ፣ አንዱ ሙሐመድ፣ አንዱ ሞሀመድ ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱ ልጅ ራሱ በአራቱም ይጻፋል። የአንዱ ጎል ለሌላው ተቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢው ዓመቱን ሙሉ በጉልበቱ ታሞ የተኛ ተከላካይ ሆኖ አረፈ። ይህን ለማቃናት ተመሳሳይ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም ለብቻው ጽፈናል። ኮሚቴው ይህን ሥራ የሚያውቀው «ስሞቹን አስተካክልልን» በሚል ስም ነው፤ የተከፈለበት እንደ ስሙ ርዝመት ነው፤ ሁለት ቃል፣ ዜሮ ብር።

ከዚያ ደግሞ የአንዱ ቡድን መሪ መጡ። ቡድናቸው በደረጃው ግርጌ ነው። «ሰንጠረዡ በነጥብ መሆኑ ወጣቱን ያጣላል፤ በፊደል ተራ ቢሆንስ?» አሉ። አደረግነው፤ ችግር የለም ብለን። በበነጋው ተመልሰው መጡ። ለካስ ስማቸው በሐ ይጀምራል፣ ተቀናቃኛቸው በላ ይጀምራል፤ በተራው ሀ፣ ለ፣ ሐ ነውና አሁንም በታች ናቸው። «እንግዲያው እኛን በሃሌታው ሀ ጻፈን» አሉ። ከእንግዲህ በፊደል ተራ ሻምፒዮን መሆን ክልክል ነው።

አንቀጽ 4። ስለ ቢጫ ካርድ

በየማታው «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? በደብተር እንይዘው የለ!» ለሚሉን ሽማግሌ በክብር የምንመልሰው ይህ ነው።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሳምንቱ፣ ሰኔ 9፣ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ረቱ፤ አገር ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ቀረን ብሎ ጨፈረ። ጭፈራው ሳያልቅ የፊፋ ምርመራ ተሰማ። ለካስ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ስለነበረበት የቦትስዋናውን ጨዋታ መቀመጥ ነበረበት፤ ተሰልፏል። ውጤቱ 3 ለ 0 ተብሎ ለቦትስዋና ተሰጠ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ፣ 6 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ቅጣት ተጨመረ። ቡድኑ በኋላ ምድቡን በመሪነት ጨረሰ፣ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸነፈ። ልጁ ላይ አንፈርድም፤ ተጫዋች ኳስ ይቆጥራል እንጂ ካርድ አይቆጥርም። ካርድ የሚቆጥር አንድ መስመር፣ «ይህ ተጫዋች ነገ አይሰለፍም» የሚል አንድ ቀይ ጽሑፍ፣ ያን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ይህችን መስመር ጽፈን ሰጥተናል። በሦስተኛው ሳምንት የተሰጠን ትእዛዝ «ለእኛ ቡድን ብቻ አጥፋት» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የዋጋ ዝርዝር አይወጣለትም።

አንቀጽ 5። ስለ ቀን፣ ስለ ሰዓትና ስለ ዕድሜ

የዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ በላፕቶፑ አቆጣጠር ሲገባ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። አንዱ ቡድን ጠዋት መጥቶ ጠበቀ፣ ሌላው ከሰዓት መጥቶ ጠበቀ፤ ሁለቱም ፎርፌ ጠየቁ፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ያረምነውም በነፃ ነው። ጥፋታችንን በነፃ እንጠግናለን፤ አዲስ ምኞት ግን ጥፋት አይደለም፣ ዋጋ አለው። ኮሚቴው ከዚህ አዋጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ማስታወስ ከቻለ ይህችን ያስታውስ።

ዕድሜ አንዴ ከተሞላ ወደ ኋላ አይሄድም። ፊፋ እንኳ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሣል፤ እኛ ዘንድ ኤምአርአይ የለም፣ ነገር ግን ማን መቼ የትኛውን ዕድሜ እንደቀየረ የሚመዘግብ ገጽ አለ። አምና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረ፣ ዘንድሮ አሥራ ስድስት የሞላው ልጅ አለን። በዚህ አያያዙ በአራት ዓመት ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል።

አንቀጽ 6። ስለ አቤቱታ አቀራረብ

ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በቴሌግራም የሚላክ፣ ከበስተኋላው ጄኔሬተርና ልጅ የሚያለቅስበት የስድስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ጽሑፍ አይደለም። በጽሑፉ ላይ ሠሪው ሦስት ነገር ይሞላል፤ ምን ያህል ቀን፣ ምን ያህል ብር፣ ከየትኛው ሥራ በፊት። ሰብሳቢው ካልፈረሙ አይሠራም። ሰብሳቢው ፈርመው ምክትላቸው «እኔ አላየሁትም» ካሉ፣ ሁለቱ ተነጋግረው እስኪጨርሱ ሠሪው ጠላ ቤት ይቆያል፤ ሒሳቡ የኮሚቴው ነው።

ለልማዱ ክብር ሲባል በየውሉ አንድ እፍኝ ምራቂ ይፈቀዳል፤ ከግማሽ ቀን ሥራ የማይበልጥ። ቀለም መቀየር ይሆናል። «ቀለሙን ቀይረህ ደግሞ የወልድያውን ስታዲየም ወንበር በየቁጥሩ አስገባልን» ግን አይሆንም። ያ ስታዲየም ጥር 2009 ሲመረቅ ከ25 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የእኛ ሜዳ ተመልካች ደግሞ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ድንጋዩም ቁጥር የለውም።

አንቀጽ 7። ስለ ራሳችን

አዋጅ አውጪው ራሱ በሕግ ሥር ነው። «ችግር የለም» የሚለውን ቃል ዋጋ ሳንጠራ ከአፋችን ብናወጣ የአንድ ቀን ቡና እንቀጣለን። ይህ ሁሉ የመጣው ከሌላ አይደለም። መጀመሪያ የመጣውን ጥያቄ በነፃ ስንሠራ ደስ ብሎን ነበር፤ ሜዳ ዳር ልጆቹ ስማቸውን በስልክ ሲያዩ፣ «ይኸው እኔ!» ሲሉ፣ ዋጋ መጥራት አሳፈረን። ሁለተኛው ሲመጣ ዋጋ ብንጠራ «ምነው የመጀመሪያውን በነፃ?» ተባልን። ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም፤ ለዚህ ነው አዋጅ ያወጣነው።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ አቦሉ በቴሌብር ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ሐራ፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣ በባትሪ 11 በመቶ ተጻፈ።

ማኅተም የለውም። የማኅተም ማስቀረጫው ገንዘብ ጳጉሜን 6 ይለቀቃል ተብለናል።